ለድሆች የሚሰጥ የማስተካከያ ቀዶ ሕክምና

የማስተካከያ ቀዶ ሕክምና በተፈጥሮ፣ በቃጠሎ፣ በአደጋ ወይም በበሽታ ምክንያት ቅርጹን ወይም አገልግሎቱን ያጣ የሰውነት ክፍልን የሚጠግን የሕክምና ዘርፍ ነው። ለቁንጅና ሲባል ከሚደረገው የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ጋር ሙያው አንድ ነው፤ ዓላማው ግን ይለያል። እዚህ የሚፈለገው አፍ ገጥሞ እንዲያኝክ፣ የዓይን ቆብ እንዲከደን፣ አንገት እንዲዞር፣ እጅ እንዲጨብጥ፣ እግር በመርገጫው እንዲቆም ነው። የመልክ መስተካከልም ቢሆን ቅንጦት አይደለም። ፊቱ የተበላሸ ልጅ ትምህርት ቤት ሳይላክ ይቀራል፤ ልጅቱ ለጋብቻ አትጠየቅም፤ ጎልማሳው ገበያ መውጣትና ከሰው ጋር ማዕድ መቅረብ ያፍራል።

የአካል ጉድለት የሀብታሙንም የድሃውንም ቤት ያንኳኳል። በድሃው ላይ የሚጨመረው መዘግየት ነው። ከንፈሩ ተሰንጥቆ የተወለደ ሕፃን ሐኪም በቅርብ ባለበት ከተማ ገና በመጀመሪያው ዓመት ይታከማል፤ ከመኪና መንገድ ርቆ የተወለደው ግን ጢም አብቅሎ ሆስፒታል የሚደርስበት ጊዜ አለ። በ2015 የወጣው የላንሴት ኮሚሽን ጥናት (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በዓለም ላይ 5 ቢሊዮን ሰዎች አስተማማኝና አቅማቸው የሚፈቅደው ቀዶ ሕክምና እንደማያገኙ ገምቷል። የበጎ አድራጎት ቀዶ ሕክምና የተነሣው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። የሥራው ጥራትም በዋናነት የሚለካው መዘግየቱን ምን ያህል እንዳሳጠረና ከታካሚው ጋር እስከ መጨረሻው አብሮ እንደ ሄደ በማየት ነው።

ጉድለቶቹና መንሥኤዎቻቸው

ከሁሉ የታወቀው የከንፈርና የላንቃ መሰንጠቅ ነው። የፅንስ ፊት የሚሠራው ከግራና ከቀኝ መጥተው በሚጋጠሙ ክፍሎች ነው። የላይኛው ከንፈር በ6ኛውና በ7ኛው ሳምንት ገደማ፣ ላንቃው ደግሞ እስከ 12ኛው ሳምንት ድረስ ይገጥማል። መጋጠሙ ከተጓደለ ሕፃኑ ስንጥቁን ይዞ ይወለዳል። በዓለም ላይ በአማካይ ከ700 ሕፃናት አንዱ እንዲህ ይወለዳል። ዘር፣ በእርግዝና ጊዜ የሚወሰዱ አንዳንድ መድኃኒቶችና ማጨስ ድርሻ አላቸው፤ በአብዛኛው ግን አንድ ነጠላ ምክንያት አይገኝም። ስለዚህ እናቲቱን በእርግማን ወይም በኃጢአት መውቀስ መሠረት የለውም። ከንፈሩ ብቻ የተሰነጠቀ ሕፃን ብዙውን ጊዜ መጥባት ይችላል። ላንቃው የተከፈተ ሕፃን ግን ጡት መሳብ ያቅተዋል፤ ወተቱ በአፍንጫው ይመለሳል፤ ጆሮው ደጋግሞ ይመግላል፤ አፉን ሲፈታም ድምፁ በአፍንጫው ይወጣል።

ሁለተኛው ቃጠሎ ነው። በብዙ የገጠር ቤት እሳቱ የሚነደው መሬት ላይ፣ በጉልቻ መካከል ነው። ዳዴ የሚል ሕፃን ይደርስበታል፤ የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ራሱን ሲስት ይወድቅበታል። ጥልቅ ቃጠሎ ቆዳ ሳይተከልለት ከተተወ ቁስሉ የሚድነው በመኮማተር ነው። ጠባሳው ለወራት እየጠበበ ሄዶ አገጭን ከደረት፣ ክንድን ከጎን፣ ጣትን ከመዳፍ ጋር ያጣብቃል። ልጁ ሲያድግ አጥንቱ ይረዝማል፤ ጠባሳው ግን እኩል አያድግም፤ መገጣጠሚያው የሚጣመመውም ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ኖማ የሚባለው የፊት በሽታ ነው። በብዛት የሚይዘው ከ2 እስከ 6 ዓመት ያሉ፣ በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናትን ሲሆን፣ ብዙ ጊዜ ኩፍኝን ወይም ሌላ ከባድ ሕመምን ተከትሎ ይመጣል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። በድድ ቁስልና በመጥፎ የአፍ ጠረን ይጀምራል፤ ጉንጩ ያብጣል፤ በቀናት ውስጥም ሥጋው ጠቁሮ ይረግፋል። ሳይታከም የቀረ ኖማ ከያዛቸው ሕፃናት እስከ 90 በመቶ የሚሆኑትን ሊገድል እንደሚችል ይገመታል። የተረፉት ጉንጫቸው ወይም አፍንጫቸው ጎድሎ፣ ብዙዎቹም መንጋጋቸው ተቆልፎ ይቀራሉ። በሽታው ገና ሲጀምር ቢደረስበት ግን በተራ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት፣ በአፍ ንጽሕናና በተመጣጠነ ምግብ ይቆማል። የዓለም ጤና ድርጅት ኖማን ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች መዝገብ ያስገባው በታኅሣሥ 2023 ነው።

በአጥንት በኩል ከ1,000 ሕፃናት ቢያንስ አንዱን የሚያገኘው የእግር መቆልመም፣ እንዲሁም የጀርባ አጥንት መጣመምና መጉበጥ ይጠቀሳሉ። ጉብጠት ከሚያመጡት ምክንያቶች አንዱ የሳንባ ነቀርሳ ተሕዋስ የጀርባ አጥንትን ሲያጠቃ የሚፈጠረው ጉዳት ነው፤ ተሕዋሱ አጥንቱን ሲበላው ከላይ ያለው ክብደት ወደ ፊት ያጎብጠዋል። የሥጋ ደዌ ደግሞ ነርቭን ስለሚጎዳ ጣቶች ይታጠፋሉ፤ የእግር ፓንጋ ይወድቃል፤ የዓይን ቆብ አልከደን ይላል። በተራዘመ ምጥ ምክንያት የሚደርሰው የወሊድ ፌስቱላ (በወሊድ መንገድና በሽንት ፊኛ ወይም በፊንጢጣ መካከል የሚከፈት ቀዳዳ) ከውጭ አይታይም፤ ሆኖም የተቀደደን አካል መልሶ መሥራት የሚጠይቅና በዋናነት ድሃ ሴቶችን የሚያገኝ በመሆኑ ከዚሁ ወገን ይቆጠራል።

የሙያው አመጣጥ

የተቆረጠ አፍንጫን ከሌላ የፊት ክፍል በተወሰደ ቆዳ መሥራት በጥንቷ ሕንድ የታወቀ ጥበብ ነበር፤ በሱሽሩታ ስም በሚጠራው የሕክምና መጽሐፍም ተመዝግቧል። ዘመናዊው ሙያ የጎለመሰው ግን በጦርነት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፊታቸው የፈረሰ ወታደሮችን እንዲያክም ሃሮልድ ጊሊስ የተባለው የኒው ዚላንድ ተወላጅ ሐኪም በእንግሊዝ አገር ሲድካፕ በ1917 በተከፈተ ሆስፒታል ተመደበ። እሱና ባልደረቦቹ ከ5,000 በላይ ወታደሮችን አክመዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ ዘመዱ አርኪባልድ ማኪንዶ በአውሮፕላን ውስጥ የተቃጠሉ አብራሪዎችን በኢስት ግሪንስቴድ አከመ። ማኪንዶ ታካሚዎቹ ከሆስፒታሉ ወጥተው ከከተማው ሕዝብ ጋር እንዲቀላቀሉ ያበረታታ ነበር፤ ሰው ሳይሸሻቸው የኖሩት አብራሪዎች ወደ ሥራና ወደ ትዳር ለመመለስ ቀለላቸው።

ከዚህ ትምህርት ቤት የወጣው ዕውቀት ቶሎ ወደ አፍሪካ ተሻገረ። ማኪንዶ፣ በኬንያ ይሠራ የነበረው ማይክል ውድና አሜሪካዊው ቶማስ ሪስ፣ ሦስቱም የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪሞች፣ በ1957 በናይሮቢ የምሥራቅ አፍሪካ በራሪ ሐኪሞችን አቋቋሙ። ዛሬ አምሬፍ የሚባለው ድርጅት ይህ ነው። አሳባቸው ሐኪሙ ወደ ታካሚው በትንሽ አውሮፕላን ይሂድ የሚል ነበር። በሕንድ ቬሎር ፖል ብራንድ በ1940ዎቹ መጨረሻ ላይ በሥጋ ደዌ የታጠፉ ጣቶችን ደኅና ጅማት በማዘዋወር መዘርጋት ጀመረ። የበሽተኞቹ ጣት የሚያልቀው ሥጋቸው በራሱ ስለሚረግፍ ነው ይባል ነበር፤ ብራንድ ግን ስሜት ያጣ እጅ ሳይታወቀው በሚደርስበት ቃጠሎና ቁስል እንደሆነ አሳየ።

ከዚያ በኋላ ድርጅቶች በየተራ ተነሡ። በ1969 የስታንፎርዱ ዶናልድ ላውብ ኢንተርፕላስትን መሠረተ። በ1982 ሐኪሙ ዊልያም ማጊና ባለቤቱ ካትሊን ከፊሊፒንስ ጉዟቸው በኋላ ኦፕሬሽን ስማይልን አቋቋሙ። በ1999 የተመሠረተው ስማይል ትሬን ሌላ መንገድ መረጠ፦ ሐኪም ከውጭ ከመላክ ይልቅ በየአገሩ ላሉ ሆስፒታሎችና ሐኪሞች ገንዘብና ሥልጠና ይሰጣል። በዚህ መንገድ ከ1.5 ሚሊዮን በላይ የከንፈርና የላንቃ ቀዶ ሕክምናዎች ተደርገዋል።

ሥራው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው

ከባዱ ክፍል ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከሆስፒታሉ በፊት ነው። ጉድለቱ የሚታከም መሆኑን ቤተሰቡ ላያውቅ ይችላል፤ ልጁም ከሰው ዓይን ተሸሽጎ ያድጋል። ስለዚህ በሬዲዮ ማስነገር፣ በገበያና በቤተ እምነት ማሳወቅ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት እንዲጠይቁ ማድረግ ያስፈልጋል። ከሁሉ የሚያሳምነው ግን ከዚያው ቀበሌ ሄዶ ታክሞ የተመለሰ ሰው ነው። ሕክምናው ነጻ ቢሆንም እንኳ የመሳፈሪያ፣ የአስታማሚ ቀለብና የማደሪያ ወጪ አለ። አባት በእርሻና በአጨዳ ወራት ሥራውን ጥሎ መሄድ አይችልም፤ እናት የቀሩትን ልጆች የምትተውለት ሰው ያስፈልጋታል። እነዚህን ወጪዎች ያላሰበ የነጻ ሕክምና ድሃውን አያገኘውም።

ታካሚው ሲደርስ ሁልጊዜ ወዲያው ቀዶ ሕክምና አይደረግለትም። ለከንፈር ቀዶ ሕክምና የቆየ መለኪያ አለ፦ ሕፃኑ ቢያንስ 10 ሳምንት የሞላው፣ 4.5 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ የደሙ ሄሞግሎቢን 10 ግራም የደረሰ እንዲሆን ይፈለጋል። ከሲታ የሆነ ሕፃን በመጀመሪያ መመገብና ማገገም አለበት። በኖማ የተጎዳ ልጅም በሽታው ቆሞ ጠባሳው እስኪረጋ ድረስ ወራት ይጠበቃል።

ማደንዘዣ ከቢላው ያላነሰ ጥንቃቄ ይጠይቃል። መንጋጋው የተቆለፈ ወይም አገጩ ከደረቱ የተጣበቀ ሰው የመተንፈሻ ቱቦ በተለመደው መንገድ አይገባለትም፤ ለዚህ ልምድ ያለው ባለሙያና ልዩ መሣሪያ ያስፈልጋል። በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው ትንሽ የጣት መሣሪያ በብዙ ድሃ አገር ሆስፒታሎች አልነበረም፤ በ2011 የተቋቋመው ላይፍቦክስ የተሰኘ ድርጅት ዋና ሥራው ይህን ማዳረስ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 ያወጣው የቀዶ ሕክምና ማረጋገጫ ዝርዝርም የታካሚውን ማንነት፣ ቀዶው የሚደረግበትን ቦታና የመሣሪያውን ቁጥር ጮክ ብሎ ማረጋገጥን ያዛል። በስምንት ከተሞች ሲሞከር ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሞቱት ከ1.5 በመቶ ወደ 0.8 በመቶ ወርደዋል።

ቀዶ ሐኪሙ ያሉት መንገዶች ከቀላል ወደ ከባድ ይሄዳሉ። የተሰነጠቀ ከንፈር ሥጋው ስላለ ጠርዙ በልኩ ተቆርጦ፣ ጡንቻው ተገናኝቶ ይሰፋል። ራልፍ ሚላርድ በ1950ዎቹ በኮሪያ ሳለ የነደፈው፣ አንዱን ወገን አዙሮ ሌላውን ወደ እሱ የሚያስጠጋው ዘዴ እስከ ዛሬ በሰፊው ይሠራበታል። ላንቃ ልጁ መናገር ከመልመዱ በፊት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ9 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ቢሰፋ ይመረጣል፤ ዘግይቶ ሲሰፋ ቀዳዳው ቢዘጋም ንግግሩ እንደ ተዛባ ሊቀር ይችላል። የቃጠሎ ጠባሳ ሲሆን የተኮማተረው ተቆርጦ ይፈታና ለተከፈተው ቦታ ከጭን የተገፈፈ ስስ ቆዳ ይተከላል። የተተከለው ቆዳ ከመደብ ተነቅሎ እንደ ተተከለ ችግኝ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት የሚኖረው ከሥሩ በሚያገኘው ርጥበት ነው፤ ከዚያ የደም ሥሮች ይገቡበታል። በእነዚህ ቀናት ከተንቀሳቀሰ ወይም ከሥሩ ደም ከተጠራቀመ ይደርቃል።

በኖማ እንደሚሆነው ሥጋ ራሱ ሲጎድል ስስ ቆዳ አይበቃም። ያኔ ከግንባር፣ ከአንገት ወይም ከደረት ወፍራም ሥጋ ከነደም ሥሩ ተገልብጦ ይመጣል። አልፎ አልፎም ከክንድ ወይም ከጭን ሙሉ በሙሉ ተቆርጦ፣ የደም ሥሩ በማይክሮስኮፕ ከፊት የደም ሥር ጋር ይገናኛል። ይህ ብዙ ሰዓት የሚፈጅ፣ በቂ ነርስና የሌሊት ክትትል የሚጠይቅ ሥራ ነው።

ሁሉም ጉድለት ትልቅ ቀዶ ሕክምና አይፈልግም። ለቆልማማ እግር ኢግናሲዮ ፖንሴቲ በአሜሪካ አይዎዋ የፈጠረው ዘዴ የሕፃኑን እግር በእጅ እያቀኑ በየሳምንቱ ጀሶ መቀየር ነው። ብዙውን ጊዜ 5 ወይም 6 ጀሶ ይበቃል፤ በመጨረሻ በአብዛኛው የተረከዙ ጅማት በትንሽ ቀዳዳ በኩል ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ ግን ልጁ በዘንግ የተያያዘ ጫማ፣ በመጀመሪያ ቀንና ሌሊት፣ ከዚያም ሌሊት ሌሊት እስከ 4 ወይም 5 ዓመቱ ማድረግ አለበት። ይህ ከተጓደለ እግሩ ተመልሶ ይቆለመማል።

ከቀዶው በኋላ ያለው ጊዜ ከቀዶው ይረዝማል። የተፈታ አንገትና እጅ ለወራት በደጋፊ ታስሮና በፊዚዮቴራፒ ካልተንቀሳቀሰ እንደገና ይኮማተራል። ላንቃው የተሰፋ ልጅ የንግግር ሥልጠና ያስፈልገዋል፤ መንጋጋው የተከፈተ ልጅ በየቀኑ አፉን መክፈት መለማመድ አለበት። ቀጠሮ ሳይመጣ የቀረን ታካሚ የሚፈልግ ሰው፣ ለመመለሻው የሚሆን መሳፈሪያም የሕክምናው አካል ናቸው።

ሦስቱ የአሠራር መንገዶች

የመጀመሪያው ከውጭ የሚመጣ የሐኪሞች ቡድን ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት ብዙ ሰው የሚያክምበት ዘመቻ ነው። ለዓመታት የተጠራቀመ ወረፋን ያቃልላል፤ በአገር ውስጥ የማይገኝ ብርቅ ሙያም ያመጣል። ነቀፌታውም የታወቀ ነው። ቡድኑ ከሄደ በኋላ የተፈታ ስፌት ወይም የመገለ ቁስል የሚያየው ሐኪም ላይኖር ይችላል። የቀዶ ክፍሉ ለዘመቻው ሲለቀቅ የሆስፒታሉ የዘወትር ታካሚ ይጉላላል። የቁጥር ውድድርም ላንቃን የመሰለ ጥንቃቄ የሚሻ ሥራ በችኮላ እንዲሠራ ይገፋፋል።

ሁለተኛው ታካሚውን ወደ ሌላ አገር መላክ ነው። ውድ ቢሆንም በአገር ውስጥ ለማይቻል ከባድ ቀዶ ሕክምና አማራጭ ይሆናል። በአዲስ አበባ የሚሠራው አሜሪካዊው ሐኪም ሪክ ሆድስ ከ2006 ጀምሮ ጀርባቸው እጅግ የተጣመመ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችን ጋናዊው የአጥንት ቀዶ ሐኪም ኦሄኔባ ቦአቺ አጄይ ወደሚያክምበት ወደ ጋና ሲልክ ቆይቷል። የቦአቺ አጄይ ድርጅት ፎኮስ በአክራ የራሱን ሆስፒታል በ2012 ከፍቷል። ጀርባው በጣም የታጠፈ ታካሚ ከቀዶው በፊት ራሱ ላይ በተገጠመ ቀለበት በክብደት ለሳምንታት ይሳባል፤ ኅብለ ሰረሰሩ በድንገት ተዘርግቶ እንዳይጎዳ አጥንቱ ቀስ እያለ ይቀናል።

ሦስተኛው በአገር ውስጥ ዘወትር የሚሠራ ተቋም መገንባትና የአገሩን ባለሙያ ማሠልጠን ነው። ፍሬው ቀስ ብሎ ይታያል፤ ነገር ግን ሕፃኑ በተወለደበት ዓመት እንዲታከም፣ የተበላሸውም እንደገና እንዲታይ የሚያደርገው ይህ ነው።

በየትኛውም መንገድ ቢሆን ድህነት የታካሚን መብት አይቀንስም። ቀዶው ምን እንደሚያስተካክልና ምን እንደማያስተካክል፣ ምን አደጋ እንዳለው ለወላጅ በሚገባው ቋንቋ፣ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሱማሊኛ ወይም በአፋርኛ፣ በስምምነት ቅጹ ላይ የጣት አሻራውን ከማኖሩ በፊት መነገር አለበት። ለገንዘብ ማሰባሰቢያ የሚነሣ ፎቶግራፍም የራሱ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ያልፈቀደ ሰው ሕክምናው ሊቀርበት አይገባም።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ ሦስተኛው መንገድ ቆየት ያለ ታሪክ አለው። በአዲስ አበባ በ1965 የተቋቋመው አለርት የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ሆኖ የታጠፈ እጅንና የወደቀ እግርን በቀዶ ማስተካከልን አስተምሯል፤ ዛሬም የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ይሰጣል። አውስትራሊያዊቷ ካትሪን ሃምሊንና ኒው ዚላንዳዊው ባለቤታቸው ሬጂናልድ በ1959 መጥተው በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሠሩ፤ በ1974 የአዲስ አበባ የፌስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። ሆስፒታሉና በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ያሉት ቅርንጫፎቹ ከ60,000 በላይ ሴቶችን በነጻ አክመዋል። ማሚቱ ጋሼ ታካሚ ሆነው ገብተው፣ መደበኛ ትምህርት ሳይማሩ ከሃምሊን ዘንድ ሙያውን ቀስመው የታወቁ የፌስቱላ ቀዶ ሐኪም ሆነዋል።

የካቲት 12 ሆስፒታል በቃጠሎ ሕክምናና በከንፈርና ላንቃ ቀዶ ሕክምና ይታወቃል። በ2008 የተከፈተው ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል የተቆለመመ እግርን፣ የቃጠሎ ጠባሳንና ሌሎች ጉድለቶችን ያክማል። በ2001 የተመሠረተው ፕሮጀክት ሐረር በገጠር ያሉ የፊት ጉድለት ያለባቸውን ሰዎች ፈልጎ ወደ ሆስፒታል ያመጣል፤ ፌሲንግ አፍሪካ ደግሞ በኖማ ለተጎዱ ሰዎች ልዩ የቀዶ ሐኪሞች ቡድን ሲያመጣ ቆይቷል። የጤና ሚኒስቴርም በ2016 ቀዶ ሕክምናን እስከ መጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ለማድረስ አገር አቀፍ መርሐ ግብር ጀምሯል።

መከላከልና ዘላቂ አገልግሎት

ከተዘረዘሩት ጉድለቶች ብዙዎቹ ቀዶ ክፍል ሳያስፈልግ ሊቀሩ ይችላሉ። ምድጃን ከመሬት ከፍ ማድረግ፣ የሚጥል በሽታን በመድኃኒት መቆጣጠር ቃጠሎን ይቀንሳሉ። የኩፍኝ ክትባትና በቂ ምግብ ኖማን ይከላከላሉ፤ ኖማ ከአውሮፓ የጠፋው ኑሮ ሲሻሻል ነው፤ ተመልሶ የታየውም በናዚ ማጎሪያ ካምፖች ረሃብ ውስጥ ነው። የጀርባ አጥንት ነቀርሳና የሥጋ ደዌ ቶሎ ከታወቁ አጥንትና ነርቭ ሳይጎዱ በመድኃኒት ይድናሉ። አዋላጅና በጊዜ የሚደረግ የምጥ ቀዶ ሕክምና ፌስቱላን ያስቀራሉ፤ የሃምሊን ተቋም በ2007 የአዋላጆች ኮሌጅ የከፈተውም ለዚህ ነው።

የተሰነጠቀ ከንፈርና ቆልማማ እግር ግን አገር ቢበለጽግም መከሰታቸው አይቀርም። የተጠራቀመው ወረፋ በዘመቻ ቢያልቅ እንኳ በየዓመቱ አዲስ ሕፃን ይመጣል። ስለዚህ ልገሳ አገልግሎቱን ሊጀምረው፣ መሣሪያና ሥልጠና ሊሰጠው ይችላል፤ የሚያዘልቀው ግን የሐኪሙ ደመወዝ፣ የማደንዘዣው ግዢና የታካሚው መሳፈሪያ በመንግሥት በጀትና በጤና መድን ውስጥ ቋሚ ቦታ ሲያገኙ ነው።